«እግዚአብሔር ይመስገን» ስንል ስለ ምኑ ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ ጠዋት ከቤታችሁ ስትወጡ ጎረቤት «እንደምን አደራችሁ?» ሲላችሁ ምን ብላችሁ ትመልሳላችሁ? «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው መልሳችን። «ልጆቹስ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን»፣ «ሥራስ እንዴት ነው?» ሲባልም «ተመስገን ነው፣ ምን ይደረጋል» እንላለን። አባቶቻችን ያወረሱን ይህ ሰላምታ ትልቅ ሀብት ነው። ግን እስኪ ቆም ብለን ራሳችንን እንጠይቅ፤ ዛሬ ጠዋት «ይመስገን» ያልነው ስለ ምኑ ነበር? ብዙዎቻችን መልስ ያጥረናል። አፋችን ያመሰግናል፤ ልባችን ግን የጎደለውን ሲቈጥር ይውላል።

ቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ አታመሰግንም። በቅዳሴ ጊዜ በሚደርሰው ጸሎተ አኰቴት ምስጋናው ከነምክንያቱ ነው የሚቀርበው፤ አምላካችን እንደ ረዳን፣ እንደ ጠበቀን፣ እስከዚህች ሰዓት እንዳደረሰን እየተዘረዘረ ይመሰገናል። ቅዱስ ዳዊትም ነፍሱን የተደረገላትን ውለታ ሁሉ እንዳትረሳ ካሳሰባት በኋላ አንድ በአንድ ይቈጥርላታል (መዝ. 102፥1-5)።

ዐሥረኛው ሰው

ጌታችን ዐሥር ለምጻሞችን እንደ ፈወሰ ቅዱስ ሉቃስ ጽፎልናል (ሉቃ. 17፥11-19)። ዐሥሩም ጮኸው ለመኑ፤ ዐሥሩም ነጹ። ሊያመሰግን የተመለሰው ግን አንድ ብቻ፣ እርሱም ሳምራዊ ነበር። ልብ በሉ! ዘጠኙ ባያመሰግኑም ለምጻቸው ተመልሶ ወጣባቸው የሚል አልተጻፈም። ታዲያ ምን ቀረባቸው? ስጦታውን ይዘው ሄዱ፤ ሰጪው ግን ቀረባቸው። ዐሥረኛው በጌታ እግር ሥር ወድቆ፣ እምነቱ እንዳዳነው ከራሱ ከጌታ አንደበት ሰማ። ምስጋና እግዚአብሔርን የሚጠቅመው ነገር የለም፤ እኛን ነው ወደ እርሱ የሚመልሰን።

በሦስቱ እሑዶች እንቍጠር

ኅዳር 15 ቀን የሚጀመረው ጾመ ነቢያት እስከ ልደት በዓል ያደርሰናል፤ በዓሉም ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ከታኅሣሥ 7 ጀምሮ ያሉት ሦስት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃን እና ኖላዊ ይባላሉ። በረከታችንንም በእነዚሁ እንቍጠር።

1. ስብከት፦ ነቢያት ስለ ጌታ መምጣት የሰበኩት ይታሰባል። ብዙ ነቢያት ሊያዩ ወደው ያላዩትን እኛ ተቀብለናል (ሉቃ. 10፥24)። በአርባ ወይም በሰማንያ ቀናችን ተጠምቀናል፤ ሥጋውና ደሙ ቀርቦልናል። ማማተብን ያስተማረችን እናት ወይም አያት፣ ፊደል ያስቈጠሩን የኔታ፣ ያስተማረን ሰንበት ትምህርት ቤት ሁሉ ከዚህ ይቈጠራሉ።

2. ብርሃን፦ ጨለማን ያራቀ እውነተኛው ብርሃን ጌታችን ነው። ዛሬም ዓይናችን ተከፍቶ ንጋትን አይተናል። የቀዳነው ውኃ፣ የቀረበልን እንጀራና ሽሮ፣ በሰላም ያደረሰን መንገድ፣ «ቡና ደርሷል፣ ኑ!» ብሎ የጠራን ጎረቤት ሁሉ ስጦታ ነው። እነዚህን የምናውቃቸው ብዙ ጊዜ ሲጎድሉ ነው።

3. ኖላዊ፦ ትርጉሙ እረኛ ነው። እረኛ ያባረረውን አውሬ በጎቹ ሁሉ አያዩትም። እኛም ሳናውቀው ያለፈልን አደጋ፣ ልንወድቅበት ደርሰን የተመለስንበት ኃጢአት፣ በንስሓ የተፋቀልን በደል አለ። የማናየውንም በረከት ቈጥረን እናመስግን።

«እኔ ምን አለኝና ልቍጠር?»

እንዲህ የምትሉ ትኖራላችሁ። ዘንድሮ በገና ማዕድ ዙሪያ የሚጎድል ሰው ያለባችሁ፣ ልጃችሁ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋባችሁ፣ ከቀያችሁ የተፈናቀላችሁ፣ የበዓሉ ወጪ ከወዲሁ ያስጨነቃችሁ አላችሁ። ኀዘናችሁን ደብቁ የሚል ትምህርት ቤተ ክርስቲያን የላትም። በዚሁ ጾም ውስጥ ታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤልን በዓል ስናከብር ሠለስቱ ደቂቅን እናስባለን። እነርሱ አምላካቸው ሊያድናቸው እንደሚችል መሰከሩ፤ ባያድናቸው እንኳ ለጣዖት እንደማይሰግዱ ተናገሩ (ዳን. 3፥17-18)። እሳቱን አላመሰገኑም፤ በእሳቱ ውስጥ ሆነው ግን አብሯቸው ያለውን አመሰገኑ። እናንተም መከራውን «ጥሩ ነው» በሉ አልተባላችሁም። በመከራው ውስጥ ያልተለያችሁን ፈልጉ፤ እያለቀሳችሁም ቢሆን አንድ ነገር ቍጠሩ። አንዱ ይበቃል። ይህም ካቃታችሁ አጠገባችሁ ያለ ወንድም ወይም እኅት ስለ እናንተ ይቍጠር።

ከመቍጠሪያው ጋር

መቍጠሪያ ይዘን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያልን አርባ አንድ ጊዜ ምሕረት እንለምናለን፤ መልካም ነው። ማታ የዘወትር ጸሎታችንን ካደረስን በኋላ ደግሞ የቀኑን ሦስት በረከቶች በስማቸው እየጠራን እናመስግን። «ስለ ሁሉም ተመስገን» ብሎ መተኛት ቀላል ነው፤ «ዛሬ ስለ ታረቅሁት ወንድሜ ተመስገን» ማለት ግን ልብን ያነቃል። በቤተሰብ ሲሆን ከልጆች ይጀመር፤ እኛ ያላየነውን ያያሉ።

የቈጠረ ሰው ደግሞ ያካፍላል። በጾሙ ከምሳችን የተረፈው የማን ነው? ለተቸገረው ነው። በገና ዕለት ጠያቂ የሌለውን ሰው ወደ ማዕዳችን እንጥራ። ዶሮ ባይኖር ሽሮም ይበቃል፤ ጌታችን የተወለደው በበረት ነውና። እንዲህ ካደረግን፣ በማግስቱ «እንደምን አደራችሁ?» ስንባል «እግዚአብሔር ይመስገን» የምንለው ምክንያቱን እያወቅን ይሆናል።

የነቢያትን ተስፋ የፈጸመ አምላክ ጾማችንን ይቀበልልን፤ ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርሰን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱሳን ጸሎት አይለየን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።