ዘፈኑ መቼ ነው?

ባለፈው ሰሞን የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ልጆች ለጠዋቱ ሰልፍ ዜና ሲያዘጋጁ ክርክር ገጠሙ። የከተማውን ኮንሰርት ቀን፣ ሰዓትና የመግቢያ ዋጋ ከየግድግዳው ለቅመው ጽፈዋል። አንዷ ግን፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ አያቷ ሰቆጣ ያሉ ልጅ፣ «የአያቴ አገር ዘፈን መቼ እንደሆነ ለምን አይጻፍም? ከማንስ ነው የሚጠየቀው?» አለች። ያን ቀን በሁለት ዓረፍተ ነገር መለስኩላት፤ እሷም ዝም አለች፣ እኔም አልረካሁም። ይህ ማብራሪያ ለዚያ መልሴ ማካካሻ ነው።

ማስታወቂያ የሌለው ለምንድን ነው?

ኮንሰርት ሻጭና ገዥ አለው። ሻጩ ገዥውን ስለማያውቀው ግድግዳ ላይ ይለጥፋል፣ በሬዲዮ ያስነግራል። ገጠር ውስጥ የሚዘፍነው፣ የሚቀበለው፣ የሚያጨበጭበውና እስክስታ የሚወርደው ያው አንድ ቀዬ ነው፤ ተራ በተራ ቦታ ይለዋወጣል። ለሰቆጣ ልጃገረድ በዓሏ ሻደይ መቼ እንደሚገባ መንገር ለእናት ልጇን መቼ እንደወለደች እንደመንገር ነው። ስለዚህ ዘመድ ጋ ደውላችሁ «በዚህ ሳምንት ዝግጅት አለ?» ብትሉ «የምን ዝግጅት?» ይሏችኋል፤ በዚያው ሳምንት ከበሮው ሲመታ ያድራል። ጥያቄው ሌላ መሆን አለበት፦ ምን በዓል ደረሰ? ማን ይድራል? አጨዳው አለቀ?

የክፍለ ከተማችንን የንፋስ ስልክ ላፍቶን ስም ልብ በሉ። የቀድሞ ሰዎች ያለ ሽቦ መልእክት የሚያደርሰውን መሣሪያ «የነፋስ ስልክ» አሉት፤ ስሙም ሰፈር ሆኖ ቀረ። የገጠር ዘፈን ወሬ የሚሄደው እንደዚያ ነው። ሽቦውን ከፈለጋችሁ አታገኙትም፤ ወሬው ግን ይደርሳል።

ቀናቸው የማይናወጥ

በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር የሚገኝ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ፣ የወንዶች ልጆች ሆያ ሆዬ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ ነሐሴ 16 የልጃገረዶቹ ተራ ይመጣል፤ በዋግ ኽምራ ሻደይ፣ በላስታ ላሊበላ አሸንድዬ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ እየተባለ እስከ ነሐሴ 21 ይዘልቃል። መስከረም 1 አበባየሆሽ፣ መስከረም 16 ደመራ፣ ታኅሣሥ 29 ገና (ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ብቻ ታኅሣሥ 28)፣ ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ጥር 12 ቃና ዘገሊላ። አዊ ውስጥ የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ነው፤ ቀረርቶና ፉከራ መስማት የሚወድ ሰው ይህን ቀን ይያዝ።

ከእነዚህ ሌላ እያንዳንዱ ደብር የራሱ ንግሥ አለው። የማታውቁት ቀበሌ ስትሄዱ «ታቦታችሁ ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሚካኤል ከሆነ ኅዳር 12 ወይም ሰኔ 12፣ ገብርኤል ከሆነ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19፣ ጊዮርጊስ ከሆነ ሚያዝያ 23 ላይ አገሩ ነጭ ለብሶ ይወጣል። ካህናቱ ወረባቸውን ጨርሰው ታቦቱ ሲገባ ወጣቱ ከቅጥሩ ውጭ ክብ ሠርቶ የራሱን ይጀምራል። አንድ የታቦት ስም ያወቀ ሰው የዓመቱን አንድ ወይም ሁለት የዘፈን ቀን ያወቀ ያህል ነው።

ቀናቸው የሚሄድ የሚመጣ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቁም ነገሩም ያለው እዚህ ነው።

በአማራ ገጠር ሙዚቃ በብዛት የሚሰማው በሠርግ ነው። ሠርግ ደግሞ በሁዳዴ አይደገስም። ስለዚህ ትልቁ የሠርግ ወቅት ከጥምቀት ተነሥቶ ሁዳዴ እስኪገባ ያለው ጊዜ ነው። መነሻው ጥር 11 ላይ ተቸንክሯል፤ መድረሻው ግን ከፋሲካ ጋር ይንቀሳቀሳል።

ፋሲካን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ነው። ሊቃውንቱ በመጀመሪያ የነነዌን ጾም ያገኛሉ፤ ነነዌ ከጥር 17 ቀድማ፣ ከየካቲት 21 ዘግይታ አትውልም። ነነዌ በገባች በ14 ቀኗ ሁዳዴ ይገባል፤ በ69 ቀኗ ፋሲካ ይሆናል። ስለዚህ ሁዳዴ ቢቀድም የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። ቁጥሩን ራሳችሁ ቁጠሩት፤ የሠርጉ ወቅት በአንዱ ዓመት 20 ቀን ብቻ ሊሆን ይችላል፣ በሌላው 54።

በቅርብ ዓመታት እንየው። በ2016 ዓ.ም. ሁዳዴ የገባው መጋቢት 2 ነበር፤ ከጥምቀት በኋላ 51 ቀን ተገኘ። በ2017 ዓ.ም. የካቲት 17 ገባ፤ 36 ቀን። በ2018 ዓ.ም. የካቲት 9፤ 28 ቀን። በሁለት ዓመት ውስጥ ወቅቱ በግማሽ ሊያጥር ምንም አልቀረውም። ወቅቱ ሲያጥር ሠርጉ ይጨናነቃል፤ በአንድ ቅዳሜና እሑድ ሦስት ዳስ የሚጣልበት መንደር ይኖራል፣ አዝማሪም ተሻምተው ነው የሚያገኙት። ወቅቱ ሲረዝም ይበተናል። ከከተማ ለሄደ ሰው የሚሻለው አጭሩ ዓመት ነው፤ ሦስት ቀን ቆይቶ ብዙ ሰምቶ ይመለሳል። በመሀሉ ጾም የሆኑትን የነነዌን ሦስት ቀን፣ ረቡዕና ዓርብንም አትርሱ።

ሁለተኛው ወቅት ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያና ግንቦት ነው። እሱም ፋሲካው ሲዘገይ ክረምቱ ደርሶበት ያጥራል።

በወሎ በኩል መንዙማ የሚሰማበት መውሊድ ደግሞ በሒጅራ አቆጣጠር ስለሚሄድ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ገደማ ይቀድማል። ጀማ ንጉሥ ለመውሊድ የሄደ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ቀን ይዞ ቢመለስ ባዶ ሜዳ ያገኛል።

እኔ የተሸወድኩበት

ከብዙ ዓመት በፊት አሸንድዬን ለማየት ላሊበላ ሄጄ ነበር። ቀኑን ያገኘሁት ለውጭ እንግዶች ከተዘጋጀ የጉዞ ወረቀት ነው፤ «22» ይላል። ወሩ ነሐሴ ነው ብዬ ነሐሴ 22 ከች አልኩ። አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ሻንጣዬን አይታ «ወንድሜ፣ ትናንት አበቃ እኮ» አለችኝ። ወረቀቱ የጻፈው በፈረንጆቹ ነው፤ የእነሱ ኦገስት 22 የእኛ ነሐሴ 16 ነው። መጀመሪያውን ቀን ጽፎልኝ ባለቀ ማግስት ደረስኩ።

ከዚያ ወዲህ በፈረንጅ ቀን የተጻፈ ነገር ሳይ ሁለቴ እቆጥራለሁ። ጥምቀትን «ጃንዋሪ 19» ብሎ የሚጽፍ ሁሉ በአራት ዓመት አንዴ ይሳሳታል፤ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት፣ ለምሳሌ በ2016 ዓ.ም.፣ ጃንዋሪ 20 ነው የሚውለው። ሰዓቱም እንዲሁ፤ «2 ሰዓት» የሚል ካያችሁ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ጠይቁ።

ቀኑ ታወቀ፣ ቦታውስ?

ካላንደሩ ወቅቱን ይነግራችኋል እንጂ የማን ቤት እንደሚደገስ አይነግራችሁም። ለዚህ ሰው ያስፈልጋል። የትኛው ሰው? የእኔ መመሪያ አንድ ነው፦ ከዚያ ነገር እንጀራውን የሚበላውን ጠይቁ።

በመጀመሪያ አዝማሪው። ማሲንቆው የፈረስ ጭራ አንድ ክር ነው፤ ኑሮው ግን በወሬ ላይ የተመሠረተ ነው። የትኛው ባላገር ልጁን እንደሚድር፣ መቼ፣ ሙሽራው የማን ልጅ እንደሆነ ሳያውቅ ከቤቱ አይወጣም። ጎንደር አካባቢ ቡርቧክስ በመሳሰሉ የአዝማሪ መንደሮች ይህ እውቀት ከአባት ወደ ልጅ ከዜማው ጋር አብሮ ይወርዳል። ቀጥሎ ዳስና ድንኳን የሚያከራየው፣ ጠጅ የምትጥለው፣ ሹሩባ የምትሠራዋ። ከአሸንድዬና ከሻደይ በፊት ባሉት ቀናት ሹሩባ ሠሪዋ ደጅ ያለው ወረፋ የትኛው መንደር እንደሚወጣ ይነግራችኋል።

ከዚያ ገበያ። የወሎዋ ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው፤ ስሟም ከአራቱ ቅኝቶች ለአንዱ መጠሪያ ሆኗል። አማራው፣ ኦሮሞውና አፋሩ ከደጋም ከቆላም የሚገናኝበት ገበያ ስለሆነ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ያልተሰማ ወሬ ሳምንቱን ሙሉ አይሰማም። የላሊበላው ገበያ ቅዳሜ ነው። አገር ጎብኚ የሚሳሳተው በበዓሉ ቀን ጠዋት ስለሚደርስ ነው፤ እኔ ብሆን ከበዓሉ በፊት ባለው የገበያ ቀን እገኛለሁ።

አዲስ አበባ ተቀምጦ ማወቅ የሚፈልግስ? ሩቅ አትሂዱ። የጀሞና የለቡ ሕንፃዎች ጥበቃዎች፣ ግንባታ ላይ ያሉ የቀን ሠራተኞች፣ ጉሊት የተቀመጡ እናቶች ብዙዎቹ ከጎጃም፣ ከጎንደር፣ ከወሎ የመጡ ናቸው። እሑድ እሑድ ቤተሰብ ጋ ይደውላሉ። «አባባ፣ አገር እንዴት ነው? ዘንድሮ ማን ዳረ?» ብላችሁ ብትጀምሩ የሚበቃችሁን ትሰማላችሁ። ሰላምታውን አትዝለሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ሳትጠይቁ ስለ ዘፈን ከጠየቃችሁ ወሬውም አይመጣም።

በስልክ ብቻ መተማመን እንደማያዋጣ ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር፤ ቪዲዮ ማየት የለመደው ሁሉ ዓይኑ ታወረ። ካላንደሩና የገበያው ወሬ ግን አልተቋረጡም። በዚሁ ጉዳይ ላይ ሳለን፣ ለመሄድ የተነሣ ሰው ከዘፈኑ ቀን በፊት የሚጠይቀው ስለ መንገዱ ነው። ሹፌሮችን ጠይቁ፤ ትናንት ያለፈ ሰው ከማንም ይበልጣል።

ቀጠሮ የሌላቸው

በደቦ የሚዘፈነውን የሚነግራችሁ እህሉ ነው። አጨዳ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ ውቂያ ከዚያ ቀጥሎ፤ ዝናብ ከዘገየ ዘፈኑም ይዘገያል። የጾም ጊዜ ቢሆንም የሥራ ዘፈን አይከለከልም።

ላሊበላዎች ደግሞ (የከተማው ሰዎች ሳይሆኑ በየደጁ እየዞሩ የሚያዜሙት)፣ ሐሚና የሚሏቸውም አሉ፣ እነሱ ናቸው እናንተን የሚያገኟችሁ። ጎህ ሳይቀድ ደጅ ቆመው የባለቤቱን ስም እየጠሩ ያዜማሉ። ስሙን ከየት አመጡት? ቀደም ብለው ከጎረቤት፣ ከዘበኛ፣ ከሠራተኛ ጠይቀው ነው። ለክበባችን ልጆች ሁሌ የምለው ይህን ነው፤ ከላሊበላ የተሻለ ዘጋቢ አላየሁም። ምንጩን አይገልጽም፣ ሰዓቱን አያሳልፍም፣ ስም አይሳሳትም።

የማይጠየቅ

ሙሾም ዜማ ነው፣ የሙሾ አውራጅ ችሎታም ትልቅ ነው። ነገር ግን «ለቅሶ የት አለ?» ተብሎ ለማዳመጥ አይኬድም። የእድር ጡሩምባ ሲነፋ የሚኬደው ለማስተዛዘን ነው። ሰምታችሁ ከሆነ ሰማችሁ፤ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ።

እዚሁ ክፍለ ከተማችን

ገጠር መሄድ ለማይችል ልጅ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ባዶ አይደለም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ጎፋ ገብርኤል ውጡ፤ ነሐሴ 12 ማታ በየግቢያችሁ በር ላይ ጅራፍና ሆያ ሆዬ ስሙ። የታክሲ ረዳቱ «ለቡ ሙዚቃ ሰፈር!» እያለ የሚጠራውን ሰምታችሁ ግን ወርዳችሁ ዘፈን አትፈልጉ፤ የፌርማታ ስም ነው። አዝማሪ ቤት ሲባል ድሮ ካዛንቺስ ይባል ነበር። ሰፈሩ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በኮሪደር ልማት ስለፈረሰ በቆየ አድራሻ አትመሩ፤ አዝማሪው ራሱ የት እንደገባ ይነግራችኋል።

የመድረኩን ከፈለጋችሁ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር አለ፣ ብሔራዊ ቴአትርም አለ። ጥሩ ናቸው፤ ግን መድረክ ላይ ጨዋታው አጥሮና ተስተካክሎ ይቀርባል፣ ተመልካቹም «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ አይሰጥም። ያንን ለመስማት ሣር ላይ መቀመጥ ያስፈልጋል።

ለክበቡ ልጆች

እስከሚቀጥለው ሰኞ እያንዳንዳችሁ ቤታችሁ ካሉ ትልቅ ሰው አንድ የአገር ቤት ቀን አምጡ፦ የታቦቱ ስም፣ የገበያው ቀን፣ በዚያ ቀን የሚባለው ዘፈን ስም። ሰሌዳው ላይ ከኮንሰርቱ ጎን እንጽፈዋለን። መጀመሪያውን እኔ ጽፌያለሁ፦ በ2019 ዓ.ም. ነነዌ የካቲት 15 ትገባለች፣ ሁዳዴ የካቲት 29፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24። ከጥምቀት በኋላ 48 ቀን አለ።