ክላስ ፋይሉ እያለ «አልተገኘም» የሚባለው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ ጃቫ የምማረው ጂኒ በተባለው የኮድ አርታዒ ነው። ኤፍ 8 ስጫን ኮዱ ያለ ስህተት ኮምፓይል ይሆናል፤ ክላስ ፋይሉም ፎልደሩ ውስጥ ይታያል። ኤፍ 5 ስጫን ግን ዋናው ክላስ አልተገኘም ይለኛል። ዓይኔ ሥር ያለ ፋይል እንዴት ይጠፋል?

መልስ፦ የኮድዎን የመጀመሪያ መስመር ይመልከቱ። «ፓኬጅ» የሚል ካለበት ምክንያቱ እሱ ነው ማለት ይቻላል።

ኮምፓይለሩ የሚቀበለው የፋይል ስም ነው። ባይትኮዱን የሚያስኬደው የጃቫ ማሽን ግን የሚጠይቀው የክላሱን ሙሉ ስም ነው። «ሱቅ» በሚባል ፓኬጅ ውስጥ ያለ «ሂሳብ» የተባለ ክላስ ሙሉ ስሙ በነጥብ ተያይዞ ሱቅ.ሂሳብ ይሆናል። ማሽኑ ይህን ሲሰማ ከቆመበት ቦታ ተነስቶ መጀመሪያ ሱቅ የሚባል ፎልደር፣ ቀጥሎ በውስጡ ሂሳብን ይፈልጋል። ጂኒ ግን እዚያው ሱቅ ውስጥ ቆሞ «ሂሳብ» ብቻ ብሎ ይጠራዋል፤ ስሙም ቦታውም አይገጥምም።

ማስተካከያው ቀላል ነው። ከቢልድ ሜኑ ሴት ቢልድ ኮማንድስን ይክፈቱ። በኤክሲኪዩት መስመር ላይ ሙሉ ስሙን ያስገቡ፤ የክላስ ቅጥያውን ግን አይጨምሩ፣ ብዙ ጀማሪዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ዎርኪንግ ዳይሬክተሪውን ደግሞ ሱቅን ወደያዘው ፎልደር፣ አንድ ደረጃ ወደ ላይ ይቀይሩ።

ለአጫጭር መልመጃ ከሆነ ግን የፓኬጁን መስመር ቢያጠፉትና እንደገና ኮምፓይል ቢያደርጉ ይሻላል። በ2018 ከወጣው ጃቫ 11 ወዲህ ደግሞ ባለ አንድ ፋይል ፕሮግራም ክላስ ፋይል ሳይፈጠርለት በቀጥታ ከምንጭ ኮዱ ይሠራል።