ቪትዟን ከመሸጥሽ በፊት

ሚጣዬ፣ ደላላው ቀብድ ይዞ ቢመጣ እንኳ እስከ ቅዳሜ እንዳትቀበዪው። የነዳጅ ሰልፉ እንዳንገሸገሸሽ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተሽ ተሰልፈሽ፣ ተራሽ ሊደርስ ሁለት መኪና ሲቀር «አለቀ» ሲሉሽ ደውለሽ ያለቀስሽውን አልረሳሁም። ኤሌክትሪክ መኪና አትግዢ አልልሽም። እኔ ከያዝኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ ወደ ቤንዚን ተመለሺ ቢሉኝ እሺ የምል አይመስለኝም። አንቺ ግን ነገሩን ከጭራው ነው የያዝሽው። ቀለሙን መርጠሻል፣ የወንበሩን ቆዳ መርጠሻል፤ የት እንደሚያድር ግን አንድም ቀን ስታነሺ አልሰማሁም።

የእኔ ነገር ቀላል ነበር። ግቢ አለኝ፣ ቆጣሪው ከመኪናው አምስት እርምጃ ነው። አንቺ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነሽ። ከበረንዳ ኤክስቴንሽን አውርጄ እሰካለሁ እንዳትዪኝ። እንጀራ ስትጋግሪ ሶኬቱ ሲግል አይተሽ የለ? ምጣዱ ቢበዛ ሁለት ሰዓት ሠርቶ ይጠፋል፤ መኪናው ሰዓታት ሙሉ ሳያርፍ ነው የሚስበው። ያውም በቀጭን ገመድ፣ ያውም ዝናብ እየወረደበት! እኔ በመጀመሪያው ወር በርካሽ ማከፋፈያ ሰክቼ ተኛሁና ጠዋት ስነሳ ፕላስቲኩ ቀልጦ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ አገኘሁት። ልጆቹ ከዚያ ግድግዳ ወዲህ ተኝተው ነበር። ለእማዬ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም፤ አንቺም እንዳትነግሪያት።

ስለዚህ መኪና ከማየትሽ በፊት የሕንፃውን ኮሚቴ አናግሪ። ማቆሚያሽ የትኛው እንደሆነ፣ ከራስሽ ቆጣሪ መስመር ማውረድ ይፈቀድልሽ እንደሆነ በወረቀት ይስጡሽ፤ በአፍ የተባለው ኮሚቴው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል። መስመሩን የሚዘረጋልሽ ሰው የራሱ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ያድርግለት። ካልፈቀዱልሽ፣ እውነቴን ነው፣ ለጊዜው ቪትዟን ይዘሽ ቆዪ።

ፈጣን ቻርጀር ካላስገጠምሽ አይሆንም የሚሉሽን ግን አትስሚ። ሒሳቡን እኔ ልሥራልሽ። ከሰሚት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢበላ የቀንሽ ፍጆታ 5 አይሞላም። ተራ ሶኬት በ10 አምፒር 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ እራት በልተሽ፣ ዕቃ አጥበሽ፣ ድራማሽን አይተሽ ስትጨርሺ የቀኑን መልሶልሻል። ባዶ የሆነ የ60 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ በዚያው ሶኬት ልሙላ ካልሽ ግን 27 ሰዓት ነው። የ7 ኪሎ ዋቱ የግድግዳ ቻርጀር 9 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ታዲያ 32 አምፒር ይስባልና የሕንፃሽ ሽቦ ይችለው እንደሆነ ሻጩን ሳይሆን ኤሌክትሪሺያኑን ጠይቂ። መብራት እንደሚጠፋም አትርሺ። እኔ ግማሽ ሲደርስ እሰካለሁ። 10 በመቶ እስኪቀረው የሚጠብቅ ሰው ቆጣሪው በጨለመ ማግስት ታክሲ ተራ ላይ ነው የምታገኚው።

አሁን ወደ መኪናው። ኮፈኑን ከማስከፈትሽ በፊት የመሰኪያውን ክዳን አስከፍቺ። ለቻይና ገበያ የተሠራ ከሆነ፣ ቢዋይዲም ይሁን እዚያው የተመረተ የፎክስዋገን አይዲ 4 ወይም አይዲ 6፣ ጂቢ/ቲ የሚሉትን የቻይና መሰኪያ ነው የያዘው፤ ለዘገምተኛው አንድ፣ ለፈጣኑ ሌላ ቀዳዳ አለው። ለአውሮፓ የተሠራው ደግሞ ሲሲኤስ 2 ነው። ሁለቱ አይጋጠሙም። መሥሪያ ቤትሽ አጠገብ ያለው ጣቢያ የትኛውን እንደሚቀበል ሄደሽ በዓይንሽ እዪ።

«በአንድ ሙሌት 600 ይሄዳል» ሲሉሽ ፈገግ በዪ። ቁጥሩ የወጣው ሲኤልቲሲ በሚባለው የቻይና መለኪያ ነው፤ ዝግ ያለ የከተማ ጉዞ ስለሚበዛበት መኪናውን ያሞካሸዋል። እኔ ሩቡን ቀንሼ ነው የማስበው፣ ለፈጣን መንገድ ከዚያም በላይ። የባትሪውንም ዓይነት ጠይቂ። ኤልኤፍፒ ከሆነ፣ የቢዋይዲው ብሌድ ይኸው ነው፣ 100 ድረስ ብትሞዪው ብዙም አይጎዳም። ኒኬል ያለበት ከሆነ ለዘወትር 80 ላይ አቁሚው፤ ለሩቅ መንገድ ብቻ ሙዪው። ዋስትና አለው ካሉሽ ደግሞ ማን፣ የት ጋራዥ፣ ለስንት ዓመት እንደሚጠግንልሽ በጽሑፍ ይሁን።

አዳማ አክስቴ ዘንድ ስትሄጂ ባትሪው አልነካም ይልሻል፤ አትኩራሪ። አዲስ አበባ ከአዳማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች። ወደ ሁለት ቶን የሚጠጋ ብረት ያንን ያህል መልሶ ማውጣት ብቻውን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል፤ በሜዳ 20 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ማለት ነው። እኔ መጀመሪያ ስሄድ የመውረጃውን ፍጆታ እጥፍ አድርጌ ደርሶ መልሱን አሰላሁና ቱሉ ዲምቱ ስደርስ ማቀዝቀዣውንም ሬዲዮኑንም አጥፍቼ፣ በላብ ተጠምቄ ነበር። ሬዲዮኑ እንኳ ምንም አይበላም፤ ፍርሃት ነው ያስጠፋኝ።

ኤሌክትሪክ ስለሆነ ከቦሎ የምታመልጪ ከመሰለሽ ተሳስተሻል። ጭስ የለውም እንጂ ፍሬን አለው፣ መሪ አለው፣ መብራት አለው፣ ጎማ አለው። እንዲያውም ጎማው ላይ ነው የምትጎጂው፤ በባትሪው ክብደት ላይ ገና ስትነኪው ስለሚወረወር ቶሎ ይበላል። ፍሬኑ የተገላቢጦሽ ነው። እግርሽን ስታነሺ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ኃይሉን ወደ ባትሪው ስለሚመልሰው ሸራው ሳይነካ ይከርማል፤ በክረምት ዲስኩ ይዝጋል። ከኋላሽ ሰው በሌለበት አንዳንዴ ጠንከር አድርገሽ ያዢው፣ ይጠረግ። ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ደግሞ ሁሉም ይረሳታል። እሷ ከሞተች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖም መኪናው አይነሳልሽም፤ እኔን ለቅሶ ቤት ደጃፍ ላይ አቁማኛለች፣ አስከሬኑ ሲወጣ መንገድ ዘግቼ። ባትሪው ያለው ከሆዱ ሥር ስለሆነ ያንን የሰፈራችሁን ያልተለካ ጉብታም እንደ ቪትዟ እየዘለልሽ አትለፊው።

ቪትዟን በተመለከተ አትቸኩዪ። ከ2016 ዓ.ም. ጥር ወዲህ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እንደሷ ያለ እንደ ድሮው አይገባም፤ ደላላውም ይህን ከአንቺ በላይ ያውቃል። በውክልና ብቻ ሰጥተሽ ሊብሬው በስምሽ እየዞረ እንዳይቀር። ስም ሳይዞር ቁልፍ አይወጣም በዪው፤ የሌላ ሰው ጥፋት ተቆጥሮ አንቺ ላይ ሲመጣ ማን ይሰማሻል?

ቅዳሜ ለሙከራ ስትሄጂ ደውዪልኝ፣ ከኋላ እቀመጣለሁ። እስከዚያው ግን ቪትዟ ውስጥ ያለውን እሳት ማጥፊያ አውርጂና ይዘሽልኝ ነይ። አምና ለቦሎ ምርመራ «ለአንድ ቀን ብቻ» ብለሽ የወሰድሽው የእኔ ነው።