ዜማ ለአራስ ሴት ጤና የሚሰጠው ጥቅም

ስለ ጤና ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ በሐሳባችን የሚመጣው ሐኪሙ፣ መርፌውና ክኒኑ ነው። ዘፈን ግን ከሥራ በኋላ የሚመጣ መዝናኛ ብቻ ተደርጎ ይቈጠራል። ይህ አስተሳሰብ ጐደሎ መሆኑን ለመረዳት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። ከአዳማ ተነሥተን በሞጆና በመቂ በኩል ወደ ባቱ፣ ወደ አርሲ ነገሌና ወደ ሻሸመኔ ስንወርድ የምናገኘውን የአርሲ ኦሮሞን ልማድ መመልከት ይበቃናል።

በአርሲ ባህል ልጅ ስታገባ እናቷ ሲንቄ የሚባል ቀጭን በትር ትሰጣታለች። በትሩ ያገባች ሴት የመከበር መብት ምልክት ነው። በወለደች ጊዜ ደግሞ ቀናፋ የሚባለውን ከእንጨት የተሠራ ምልክት በግንባርዋ ላይ ታስራለች። ቀናፋ ያሰረችውን አራስ ባልዋም ሆነ ሌላ ሰው ሊመታት ወይም ሊያዋርዳት አይገባም።

ይህ ደንብ ሲጣስ የሚያስከብረው ዜማ ነው። ባል አራስ ሚስቱን ቢመታ የመንደሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው፣ እልል እያሉ ይሰበሰባሉ። አቴቴ የተባለውን ዜማ አንዲቱ እየመራች፣ ሌሎቹ እየተቀበሉ ወደ ጥፋተኛው ደጅ ይሄዳሉ፤ በደሉንም በዜማ እየዘረዘሩ በዳዩን ይወቅሱታል። ሽማግሌዎች ገብተው ጥፋተኛው ይቅርታ እስኪጠይቅና የካሳ ከብት እስኪሰጥ ድረስ አይመለሱም። ሴቶቹ በሌሉበት የቤቱ ሥራ ይቆማልና ነገሩ የመንደሩ ሁሉ ጭንቀት ይሆናል። አቴቴ ለጠብ ጊዜ ብቻ የተወሰነ አይደለም፤ ምጥ ሲጸና፣ ልጅ ሲታጣ፣ ዝናብም ሲቀር ሴቶች በዜማ ፈጣሪያቸውን ይለምኑበታል።

ይህ ከጤና ጋራ ምን ያገናኘዋል የሚል ቢኖር መልሳችን እንደሚከተለው ነው። የአራስ ሴት ጤና የሚናጋው በደም መፍሰስና በትኩሳት ብቻ አይደለም። ድብደባ፣ የእንቅልፍ እጦትና ብቸኝነት ሲጨመሩባት ከባድ ድብርት ሊይዛት ይችላል። አቴቴ በዳዩን ይገታል፤ የተበደለችውም ብቻዋን እንዳልሆነች በጆሮዋ ትሰማለች።

የዛሬው የሕክምና ምርምርም ወደዚህ አሳብ እየቀረበ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በእንግሊዝ አገር የታተመ አንድ ጥናት ከወሊድ በኋላ የድብርት ምልክት የታየባቸውን 134 እናቶች በሦስት ክፍል መድቦ ተመልክቷል። አንደኛው ክፍል ለ10 ሳምንት ከሕፃናቱ ጋራ በኅብረት ዘመረ፤ ሁለተኛው በኅብረት ተጫወተ፤ ሦስተኛው የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ አገኘ። በመጨረሻ ሁሉም ቢሻላቸውም፣ ምልክታቸው ጠንከር ካለው መካከል የዘመሩት የተለመደውን እንክብካቤ ብቻ ካገኙት ይልቅ ፈጥኖ ተሻላቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ ከ3,000 በላይ ጥናቶችን መሠረት አድርጎ ኪነ ጥበብ በሽታን ለመከላከልም ሆነ ለማስታመም እንደሚረዳ አስታውቋል።

ሆኖም ሁለት ነገር ልብ ልንል ይገባናል። አንደኛ፣ ዜማ የሚፈስ ደም አያቆምም። ምጥ የጸናባት፣ ደም የበዛባት፣ ራስዋን ወይም ልጅዋን ለመጉዳት የምታስብ ሴት ሁሉ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም መድረስ አለባት። ሁለተኛ፣ አቴቴን ከሃይማኖት አንጻር የሚነቅፉ አሉ፤ ከተማም ሲሰፋ ጎረቤት ከጎረቤት አይተዋወቅም። በአዳማ በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ለምትደበደብ አራስ እልል ብሎ የሚደርስላት ማን ነው?

ስለዚህ ነገ ሐኪም፣ አዋላጅ፣ መምህር ወይም ዳኛ የምንሆን ተማሪዎች ከወዲሁ እናስብበት። ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ እናቶቻችንንና አያቶቻችንን ስለ ዜማቸው እንጠይቅ፤ ፈቃዳቸው ከሆነም በጽሑፍ እናስቀር። ነፍሰ ጡሮች ወሊድ በሚጠባበቁባቸው የእናቶች ማቆያ ቤቶችም ሴቶች በየቋንቋቸው አብረው የሚያዜሙበት ሰዓት እንዲመደብ እናሳስብ። በጎረቤታችን የሴት ጩኸት የሰማን እንደ ሆነ ደግሞ በራችንን ከመዝጋት ይልቅ ሰው ጠርተን በሩን እናንኳኳ።