የቁፋሮ ጭቃና የምድር ሙቀት

በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 የአብርሃም ጉድጓዶች በፍልስጥኤማውያን እጅ በአፈር እንደ ተደፈኑ እናነባለን። በዘመናችን ግን ጉድጓዱን ቆፋሪው ራሱ የሚጠቀምበት ጭቃ ሊደፍነው ይችላል።

የቁፋሮ ጭቃ የተፈጨውን ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ላይ ያወጣል፤ ግድግዳውም እንዳይናድ ይደግፋል። ቤንቶናይት የተባለው ሸክላ ይህን በሚገባ ይፈጽማል፤ ሆኖም ውኃ አዘል በሆነው ንብርብር ውስጥ ገብቶ የውኃውን መንገድ ስለሚዘጋ አጥቦ ማስወጣቱ አድካሚ ነው። ስለዚህ ለመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ከጓር ፍሬ የሚዘጋጀውን ዱቄት የመሰሉ የተፈጥሮ ፖሊመሮች ይመረጣሉ፤ ሥራቸውን ሲጨርሱ ፈርሰው ይወጣሉና።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ በጎ ጠባያቸው ነው፤ ያለ ጊዜያቸውም ይፈርሳሉ። ተዘፍዝፎ የሰነበተ ተልባን ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። ፈሳሹን የሚያወፍረው ረጅም ሰንሰለት በሙቀት፣ በኦክስጅንና በረቂቃን ተሐዋስያን ሲቆራረጥ ጭቃው ይቀጥናል። በአሉቶ ላንጋኖ ለእንፋሎት ኃይል በተቆፈሩ ጉድጓዶች ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ተለክቷል፤ ተራ ስታርች ግን ከ120 ዲግሪ ገደማ በላይ አይጸናም። የአጥቢያዎቻችን ጉድጓዶች ከዚያ ሙቀት አይደርሱም። ነገር ግን ለብ ያለ ውኃም ተሐዋስያኑን ያፋጥናል። በስምጥ ሸለቆ በአንድ አጥቢያ ማታ የወፈረው ጭቃ ጠዋት እንደ ውኃ ቀጥኖ፣ አሸዋው ወደ ታች ሰክኖ መሰርሰሪያውን ይዞብን ነበር፤ ተቋራጩ ያመካኘው በድንጋዩ ነው።

በነዳጅና በእንፋሎት ቁፋሮ ስታርቹን በኬሚካል ይለውጡታል፤ ኦክስጅንን የሚያስወግድ ሰልፋይት ይጨምራሉ፤ ዛንታን የተባለውንም ፖሊመር በፖታሲየም ፎርሜት ጨው ያጸኑታል። ይህ ሁሉ ለአጥቢያ ጉድጓድ ውድ ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። ለእኛ የሚበጀው ጓሩን በንጹሕና ክሎሪን በሌለበት ውኃ መበጥበጥ ነው፤ ክሎሪን ራሱ ሰንሰለቱን ይበጥሳልና። ሶዳ አሽ የሚጨመረው ጓሩ ከወፈረ በኋላ ነው፤ ከቀደመ ዱቄቱ በደንብ አይሟሟም።

የሰበካ ጉባኤው ተወካይ በቁፋሮው ቦታ ሲገኝ የማርሽ ፈነል የተባለውን የመለኪያ ማንቆርቆሪያ እንዲያሳዩት ይጠይቅ። 946 ሚሊ ሊትር ንጹሕ ውኃ በ26 ሰከንድ ያህል ይወርድበታል፤ ጭቃው ግን ከዚያ በጉልህ ሊዘገይ ይገባል። ማታ የተለካው ጭቃ ጠዋት ቁፋሮ ሳይጀመር እንደገና ይለካ፤ ሁለቱም ቁጥሮች በመዝገብ ይጻፉ። ክሎሪን የሚገባው በመጨረሻ፣ ቧንቧው ወርዶ ጠጠሩ ከተሞላ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የቀረው ጓር ይፈርስና ውኃው እስኪጠራ ድረስ በፓምፕ ይወጣል።