ከሞጆ መንገድ እስከ ገበሬው ማሳ፦ ስለ ዩሪያ ማዳበሪያ ለሰበካ ጉባኤያት የቀረበ ጥናት



በቅዱስ ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታችን ስለ ፍሬ አልባዋ በለስ ባስተማረው ምሳሌ፣ አትክልተኛው ዛፏ እንዳትቆረጥ የአንድ ዓመት ጊዜ ይለምናል። ፍጉን ከማልበሱ በፊት ግን ዙሪያዋን ሊቆፍር ያስባል። የዚህ ጥናት ፍሬ ነገርም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ማዳበሪያ የሚጠቅመው አያያዙን ለሚያውቅ ነው።

፩. ማዳበሪያው ከየት ይመጣል?

በሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ የሚኖር ሁሉ ከጅቡቲ የሚመጡትን ከባድ መኪናዎች ያውቃቸዋል። የእርሻ ወቅት ሲቃረብ ማዳበሪያ የጫኑትም በዚሁ መንገድ ያልፋሉ። አገራችን ዩሪያን ከውጭ ትገዛለች። ግዢውን የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ይፈጽማል፤ ጭነቱ በጅቡቲ ወደብ ይራገፋል፤ ከዚያም በኅብረት ሥራ ዩኒየኖችና በመሠረታዊ ማኅበራት በኩል ለገበሬው ይደርሳል።

ዩሪያ የሚሠራው አየር ውስጥ ካለው ናይትሮጅን ነው። ጀርመናውያኑ ፍሪትዝ ሃበርና ካርል ቦሽ ባበጁት ዘዴ፣ እ.ኤ.አ. ከ1913 ጀምሮ ናይትሮጅን በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር እየተዋሐደ አሞኒያ ይሆናል፤ ዩሪያም ከአሞኒያ ይሠራል። አየሩ የሁሉም ነው፤ ሃይድሮጅኑ ግን በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝ ይገኛል። ስለዚህ ጋዝ ያላቸው እንደ ሩሲያ፣ ኳታር፣ ግብፅና ናይጄሪያ ያሉ አገሮች ሻጮች ሲሆኑ፣ እኛ ገዢዎች ሆነናል። እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ ቻይና ወደ ውጭ የምትልከውን ማዳበሪያ ስትገድብ፣ በ2022ም የሩሲያና የዩክሬን ጦርነት ሲጀመር፣ የዋጋው ንረት የእኛን ገበሬ ደጅ አንኳኳ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅም እንዲሁ ሆነ።

፪. በአገር ውስጥ የማምረት ተስፋ

በያዩ በድንጋይ ከሰል ሊሠራ የታቀደው ፋብሪካ ተጀምሮ ሳይፈጸም ቀርቷል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ግን የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና የናይጄሪያው ዳንጎቴ ግሩፕ በጎዴ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል፤ በመስከረም 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋይ ተቀምጧል። የካሉብንና የሂላላን ጋዝ ተጠቅሞ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ እንዲያመርት የታሰበ ሲሆን፣ ለግንባታው የተያዘው ጊዜ 40 ወር ነው። እስከዚያ ድረስ ቢያንስ ጥቂት መኸሮች ያልፋሉ። የገበሬው ዕዳ ግን ፋብሪካውን አይጠብቅም።

፫. ከራሳችን ስሕተት የተማርነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሉሜ ወረዳ ባለች አንዲት አጥቢያ ለችግረኛ አባወራዎችና እማወራዎች ዩሪያ በብድር እንዲደርሳቸው አድርገን ነበር። ማዳበሪያው ዘግይቶ ደረሰ፤ እኛም ቸኩለን በደረቅ መሬት ላይ እንዲበተን መከርን። ዝናቡ ከሳምንት በላይ ቆየ። በአዝመራው ወቅት የእነርሱ ጤፍ ማዳበሪያ ካልነካው ከጎረቤት ጤፍ አልተሻለም። አንዲት እናት፣ «ልጆቼ፣ ማዳበሪያውን ፀሐይ በላው፤ ዕዳው ግን ከእኔ ጋር አለ» አሉን። ብድሩን የከፈሉት በግ ሸጠው ነው። ይህ ሸክም ከእኛ ምክር የመጣ መሆኑን አንረሳውም።

፬. አጥቢያው ምን ሊያደርግ ይችላል?

አንድ ባለ 50 ኪሎ ግራም የዩሪያ ከረጢት 23 ኪሎ ግራም ናይትሮጅን ይይዛል። በአፈር ሳይሸፈን ላዩ ላይ ከቀረ ወደ አሞኒያ ተለውጦ ይተናል፤ ውኃ በሚተኛበት መረሬ ላይም ይባክናል። ስለዚህ፦

ሀ) እርጥበት ባለው አፈር ላይ ተደርጎ ወዲያው በአፈር ይሸፈን፤ ውኃ የሚተኛበት ማሳ አስቀድሞ ይጠንፈፍ።

ለ) ሁሉም በአንድ ጊዜ አይበተን፤ ከፊሉ በዘር ጊዜ፣ ቀሪው ከአረም በኋላ ይጨመር። መጠኑን የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይወስን።

ሐ) ከጤፍና ከስንዴ ቀጥሎ ሽምብራ ወይም ምስር ይዘራ፤ ሥሮቻቸው ከአየር ናይትሮጅን ይሰበስባሉና።

መ) በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የሚጠረገው ቅጠልና የከብት ፍግ በጉድጓድ ተዘጋጅቶ ኮምፖስት ይሁን፤ ምእመናንም አይተው ይማሩ።

ሠ) ማኅበራት የገበሬውን ፍላጎት በሚመዘግቡበት ጊዜ ካህናት ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ያስታውሱ፤ ዘግይቶ የጠየቀ ዘግይቶ ያገኛልና።

ለውይይት

1. በአጥቢያችን ለማዳበሪያ ተበድረው መክፈል ያቃታቸው እነማን ናቸው? ጉባኤው እንዴት ያግዛቸው?

2. ባለፈው መኸር ማዳበሪያ የባከነው በምን ምክንያት ነው?

3. ከቤተ ክርስቲያኒቱ ይዞታ የትኛው ቦታ ለማስተማሪያ ማሳ ሊሆን ይችላል?

የጋዙን ዋጋም ሆነ የመርከቡን ጉዞ በአጥቢያ ደረጃ ልንወስን አንችልም። ገበሬው በዕዳ የገዛው ከረጢት በከንቱ እንዳይቀር ማድረግ ግን በእጃችን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።