የጠመንጃ ቴሌስኮፕ ገበያ፦ ዋጋው የመስታወቱ ነው ወይስ የስሙ?

በአሜሪካና በአውሮፓ የአደን ዕቃ መደብሮች ውስጥ ሁለት የጠመንጃ ቴሌስኮፖች ጎን ለጎን ተደርድረው ማየት የተለመደ ነው። ሁለቱም ጥቁር ቱቦ፣ ከፊትና ከኋላ መስታወት፣ ከላይና ከጎን ማስተካከያ ቁልፍ አላቸው። አንዱ 150 ዶላር ይላል፤ ሌላው ከ3,000 ዶላር በላይ። የሃያ እጥፍ ልዩነት መሆኑ ነው። ለመሆኑ ይህ ሁሉ ልዩነት ከምን የመጣ ነው? ገዢው የሚከፍለው ለመስታወቱ ነው፣ ለብረቱ ሥራ ነው ወይስ በቱቦው ላይ ለተጻፈው ስም?

በአገራችን የጦር መሣሪያ ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራና ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት በመሆኑ ቴሌስኮፑ እንደ ጨርቅና እንደ ሰሃን ታዝዞ የሚመጣ ሸቀጥ አይደለም። ይሁን እንጂ የማርክ፣ የፋብሪካና የዋስትና ነገር እንዲህ ተገላልጦ የሚታይበት ገበያ ጥቂት ነው። ባይኖኩላር፣ የካሜራ ሌንስ ወይም የቀያሽ መሣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ ሒሳቡን ወደ ራሱ ዕቃ ሊመልሰው ይችላል።

ከመቶ ስንቱ ብርሃን ያልፋል?

ብርሃን መስታወት ሲነካ ሁሉም አያልፍም። ምንም ቅብ ያልተደረገለት ሌንስ በእያንዳንዱ ገጹ ከመቶ 4 እጅ ያህሉን ወደ ኋላ ይመልሳል። ስድስት ሌንስ ያለው ቴሌስኮፕ አሥራ ሁለት ገጽ አለው። ሒሳቡ ሲሠራ ከገባው ብርሃን ዓይን ዘንድ የሚደርሰው ከመቶ 61 እጅ ገደማ ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1935 የጀርመኑ የካርል ዛይስ ኩባንያ ባልደረባ አሌክሳንደር ስማኩላ ነጸብራቅን የሚቀንስ ስስ ቅብ አስገኘ። የዛሬው ቴሌስኮፕ ሁሉ የዚያ ሥራ ወራሽ ነው። በአንድ ገጽ የሚባክነው ብርሃን ወደ ግማሽ እጅ ሲወርድ፣ በአሥራ ሁለቱ ገጽ አልፎ የሚደርሰው ከመቶ 94 እጅ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ገዢ የሚሳሳተው። ማስታወቂያው «99.5 ከመቶ ብርሃን ያሳልፋል» ሲል አንባቢው ስለ ጠቅላላው ዕቃ የተነገረ ይመስለዋል። አኃዙ ግን ብዙ ጊዜ የአንድ ገጽ ነው። ማስታወቂያው አልዋሸም፤ እውነቱን ግን ቆርጦ ነው የሸጠው። በዚያም ላይ 90 እና 93 ከመቶ የሚያሳልፉ ሁለት ቴሌስኮፖችን ዓይን ለይቶ ለማወቅ ይቸገራል። ውዱ መስታወት ብልጫውን የሚያሳየው በሌላ ቦታ ነው፦ ምስሉ እስከ ጠርዙ ጥርት ማለቱ፣ የቀንድ ጫፍ ወይንጠጅና አረንጓዴ ጥላ አለመያዙ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ምስሉ አለመገርጣቱ።

ለጀርመን የተሠራ፣ ለአሜሪካ የተሠራ

ጥራት የሚባለው ነገር አገርና ልማድ ይለያየዋል። የፊት ሌንሱ ስፋት በማጉላት ኃይሉ ሲካፈል ወደ ዓይን የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይገኛል። በጀርመን የከርከሮ አደን በማማ ላይ ተቀምጦ በምሽትና በጨረቃ የሚካሄድ በመሆኑ፣ የድሮው ተወዳጅ ቴሌስኮፕ ስምንት ጊዜ የሚያጎላና የ56 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያለው ነው። 56 ለ8 ሲካፈል 7 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ የሚከፈተውም እስከዚያው ድረስ ነው። ዕድሜው የገፋ ሰው ብሌን ግን ወደ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ሊከፈት ይችላል። ያንን ከባድና ውድ ዕቃ የገዛ የስልሳ ዓመት አዛውንት የከፈለበት ብርሃን ከፊሉ ከብሌኑ ውጭ ይቀርበታል ማለት ነው።

በአንጻሩ በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች አጋዘን ማደን የሚፈቀደው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ እስከ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው። በመሆኑም እዚያ ገበያውን የያዘው ከሦስት እስከ ዘጠኝ ጊዜ የሚያጎላ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ሌንስ ቴሌስኮፕ ነው። ቀላል ነው፣ ዋጋውም ይቀመሳል። የኦስትሪያው ስዋሮቭስኪ ወይም የጀርመኑ ሽሚት ኤንድ ቤንደር ከመካከለኛው የአሜሪካ ሉፖልድ ይበልጣል ቢባል በመስታወት ረገድ ብዙ ሰው የሚስማማበት ነው። ነገር ግን ብልጫው ጎልቶ የሚታየው በቀኑ የመጨረሻ ደቂቃዎች ነው። በዚያ ሰዓት የማያድን ሰው ለእነዚያ ደቂቃዎች ሁለት ሺህ ዶላር የሚጨምርበት ምክንያት ያለው አይመስልም። ከ100 ዶላር ወደ 300 ዶላር ሲወጣ የሚገኘው ለውጥ ግን ማንም የሚያየው ነው።

የማይታየው ክፍል

መስታወቱን ገዢ በመደብሩ ውስጥ አሻግሮ ያየዋል። የውስጡን ብረት ግን አያየውም። ጠመንጃው በተተኮሰ ቁጥር ቴሌስኮፑ ይመታል፤ በውስጡ የማነጣጠሪያውን መስቀል የያዘው ትንሽ ቱቦ በስፕሪንግና በጥርስ ብቻ የቆመ ነው። ቁልፉ አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል፣ በብዙዎቹ የአውሮፓ ሥራዎች ላይ፣ መቶ ሜትር ርቀት ላይ 1 ሳንቲ ሜትር ያንቀሳቅሳል ተብሎ ይጠበቃል። ርካሹ ላይ አንዳንዱ ቀጭታ ግማሽ ሳንቲ ሜትር፣ ሌላው አንድ ተኩል ሊሆን ይችላል። አዋቂዎች የሚፈትኑት ቀላል በሆነ ዘዴ ነው፦ ሃያ ቀጭታ ወደ ቀኝ፣ ሃያ ወደ ላይ፣ ሃያ ወደ ግራ፣ ሃያ ወደ ታች። ሐቀኛ ዕቃ ከሆነ መስቀሉ ወደ ተነሳበት ነጥብ ይመለሳል። በርካሽና በውድ መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት እዚህ ውስጥ የተደበቀ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሌላው እርጥበት ነው። የኦሪገኑ ሉፖልድ እ.ኤ.አ. በ1907 የቀያሽ መሣሪያ በመጠገን የጀመረ ድርጅት ሲሆን ቴሌስኮፕ መሥራት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስሙን ያተረፈለት አየሩን አስወጥቶ ናይትሮጂን በመሙላት ቱቦው በዝናብ አገር ከውስጥ ጉም እንዳይለብስ ማድረጉ ነበር። ዛሬ ይህ በርካሹም ላይ የሚገኝ ነገር ሆኗል።

አንድ ፋብሪካ፣ ብዙ ስም

መርካቶ ውስጥ «ኦርጅናል ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ስለ ስሙ ነው። በዚህ ገበያ ግን ስምና ሠሪ የተለያዩ ናቸው። የአሜሪካው ቡሽኔል እ.ኤ.አ. በ1948 ሲጀምር ከጃፓን ባይኖኩላር እያስመጣ በራሱ ስም የሚሸጥ ነበር። የዊስኮንሲኑ ቮርቴክስ ዕቃዎቹን እንደ ደረጃቸው በጃፓን፣ በፊሊፒንስና በቻይና ያሠራል። በጃፓን ላይት ኦፕቲካል ወርክስ የተባለው ፋብሪካ ለሌሎች ማርኮች በመሥራት የሚታወቅ ነው፤ ከውድ ቴሌስኮፖች አንዳንዶቹ ከዚያ ቢወጡም ተራው ገዢ ስሙን አያውቀውም።

ከዚህ ተነስቶ «ሁሉም አንድ ነው፣ ርካሹን ግዛ» የሚል ሰው አይጠፋም። ስህተት ነው። ያው ፋብሪካ የ150 ዶላሩንም የ1,500 ዶላሩንም ሊሠራ ይችላል፤ ልዩነቱን የሚያመጣው አዛዡ የሚጠይቀው የመስታወት ዓይነት፣ የቅቡ ብዛት፣ የብረቱ ልክ ጥንቃቄና ከሁሉም በላይ በፍተሻ የሚወድቀው ዕቃ ብዛት ነው። ርካሽ የሚያዝ ነጋዴ ከመቶው ሁለት ብቻ እንዲጣል ይስማማል፤ ውድ የሚያዝ ሃያው ቢጣል ዋጋውን ይከፍላል እንበል። «ቻይና የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ስለዚህ ስምምነት የሚነግረን ነገር የለም።

ስም ሲሸጥ

የሬድፊልድን ታሪክ ለነጋዴ መንገር ይጠቅማል። ድርጅቱ በኮሎራዶ ዴንቨር ለብዙ አሥርት ዓመታት የተከበረ ቴሌስኮፕ ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ፋብሪካው ተዘጋ። ስሙ ግን አልሞተም፤ እንደ ቤት ይሸጥ፣ ይለወጥ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2002 የካሊፎርኒያው የሥነ ፈለክ ቴሌስኮፕ ሠሪ ሚድ፣ ሲመንስ የተባለውን ድርጅት ሲገዛ ሬድፊልድና ዊቨር የሚባሉት ስሞችም አብረው መጡለት። ዊቨር እ.ኤ.አ. በ1930 የተጀመረና በቴክሳስ ኤል ፓሶ ያደገ፣ ቴሌስኮፕን ለተራው አዳኝ ያቀረበ አንጋፋ ነው። ሚድ ገንዘብ ሲያጥረው እ.ኤ.አ. በ2008 ሦስቱን ስሞች በየፊናቸው ሸጣቸው፦ ሲመንስ ለቡሽኔል፣ ዊቨር ለጥይት አምራቹ ኤቲኬ፣ ሬድፊልድ ደግሞ ለቀድሞ ተፎካካሪው ለሉፖልድ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኤቲኬ ቡሽኔልን ራሱን ሲገዛ ሲመንስና ዊቨር እንደገና አንድ ጣሪያ ሥር ተገናኙ።

ሉፖልድ ሬድፊልድን ከራሱ ማርክ ዝቅ ባለ ዋጋ ገበያ ላይ አወጣው። ዘዴው ብልህነት ነበር፤ የራሱን ስም ሳያረክስ ርካሹን ደንበኛ አገኘ። ነገር ግን «አባቴ በሬድፊልድ ነበር የሚያድነው» ብሎ የገዛ ሰው ከዴንቨሩ ፋብሪካ ያገኘው ነገር አንድም የለም። የገዛው ትዝታ ነው።

ዕድሜ ልክ የማን ዕድሜ ነው?

ዛሬ የአሜሪካ ገበያ ትልቁ መሣሪያ የዕድሜ ልክ ዋስትና ነው። ቮርቴክስ ደረሰኝ ሳይጠይቅ፣ ዕቃው የመጀመሪያው ባለቤት እጅ ይሁን የሁለተኛው ሳይል እጠግናለሁ ወይም እለውጣለሁ ይላል። ለኩባንያው ይህ የሚመስለውን ያህል ውድ አይደለም። በ200 ዶላር የሚሸጥ ቴሌስኮፕ ከፋብሪካ የወጣበት 60 ዶላር ነው፤ ከመቶው አምስቱም ይመለሳሉ እንበል። አምስቱን ለመተካት 300 ዶላር ይወጣል። ለመቶው ሲከፋፈል በእያንዳንዱ ላይ 3 ዶላር ነው። በ3 ዶላር የገዢውን ፍርሃት ማጥፋት ከተቻለ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ አይገኝም። ዋስትናው የዕቃውን ጥንካሬ የሚያስረዳ አለመሆኑን ግን ሒሳቡ ራሱ ያሳያል፤ ደካማ ዕቃም እንዲህ ያለ ተስፋ ሊሸከም ይችላል።

ዋስትና የሚሠራው ሰጪው ቆሞ እስካለ ድረስ ነው። ስምን የገዛ ድርጅት የቀድሞውን ባለቤት ተስፋ አብሮ ላይገዛ ይችላል። የጃፓኑ ኒኮን በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) መካከል ከጠመንጃ ቴሌስኮፕ ሥራ መውጣቱ ሲሰማ ብዙዎች ደንግጠዋል። ኩባንያው ትልቅና ነባር ስለሆነ ራሱ አልጠፋም፤ ባይኖኩላርም መሥራቱን ቀጥሏል። ያንኑ ቴሌስኮፕ ደግሞ ልግዛ ያለ ግን ከአዲስ ዕቃ ይልቅ ያገለገለ ፍለጋ ነው የሚገባው።

ከፋብሪካው አገር ርቆ ላለ ገዢ ሌላም ወጪ አለ። የተበላሸውን ዕቃ ወደ አሜሪካ ወይም ወደ አውሮፓ ለመላክ፣ ሲመለስም ከጉምሩክ ለማውጣት የሚወጣው ገንዘብና የሚጠፋው ጊዜ በ200 ዶላር ዕቃ ላይ ሲታሰብ ዋስትናውን ከወረቀት የማያልፍ ሊያደርገው ይችላል። በ3,000 ዶላር ዕቃ ላይ ግን መላኩ ያዋጣል።

ባይኖኩላርም ሆነ ቴሌስኮፕ ሊገዛ የቆመ ሰው በመደብሩ መብራት ሥር ባያይ ይሻለዋል፤ በጠራ ብርሃን ሁሉም ያምራል። ወደ በሩ ወጥቶ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጥላ ያረፈበትን የሩቅ ግድግዳ በሁለቱም ቢያይና ጽሑፍ ካለበት የትኛው ቀድሞ እንደሚነበብ ቢያስተውል፣ ሻጩ ከሚሰጠው የአኃዝ ዝርዝር የበለጠ ያውቃል። ከዚያ የቱቦውን ሆድ ገልብጦ የተሠራበትን አገር ያንብብ፤ ዋስትናው የት እንደሚፈጸምና የመላኪያውን ማን እንደሚከፍልም በጽሑፍ ይጠይቅ።